ቤታቸውን ጭነው የሚሄዱት ጎረቤቴ

አዴ ሌንሴ የተቀበሩ ዕለት በሰፈራችን በከኒሳ ቀሴ ከመጣው ለቀስተኛ ገሚሱ ሲያለቅስ ገሚሱ ከንፈሩን ነክሶ ከሳቁ ጋር ይታገል ነበር። ጥፋቱ የባለቤታቸው የኦቦ ገለታ ነው። ሳጥኑ ሲወርድ፣ መዘምራኑ መዝሙራቸውን ጨርሰው ሁሉም ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ኦቦ ገለታ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «ሌንሴ ምንም ሳትጭን መንገድ ስትወጣ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። አጠገባቸው የቆምነው ሰማን። ከኋላ ያሉት ከእኛ ሰሙ። ወዲያው የስንቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከሩቅ ላየው ሰው ልቅሶ ይመስላል።

ቀብር ላይ የሚስቅ ሰው አልወድም። ልጆቼንም እንዲህ ባለ ቦታ ዓይናቸውን ከመሬት እንዳያነሱ ነው ያሳደግኋቸው። ያን ቀን ግን እኔም ጋቢዬን አፌ ድረስ ስቤ ነበር።

አዴ ሌንሴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ወፈር ያሉ፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ፣ ሲናገሩ ግን የሚቀድማቸው የሌለ ሴት ነበሩ። በነቀምቴ የሚያውቃቸው ሁሉ በአንድ ነገር ያውቃቸዋል፦ ለእረፍትም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ከከተማ ሲወጡ ቤታቸውን ይዘው ይወጣሉ። ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም። ስቶቩ ይጫናል፣ ጁስ መፍጫው ይጫናል፣ የውሃ ማፍያው፣ ካውያው፣ ቬንቲሌተሩ፣ ፍራሹ፣ ትራሱ፣ አልፎ ተርፎ የመኝታ ቤታቸው መጋረጃ ይጫናል።

እኔ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልሄድኩም፤ ማንበቡንም መጠገኑንም የተማርኩት ከራሴ ነው። ራሱን ያስተማረ ሰው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ማስተማር ያምረዋል፤ ይህን ከልጆቼ በላይ የሚያውቅ የለም። አዴ ሌንሴ ከጉዞ በተመለሱ ቁጥር በመንገድ መንገጫገጭ የተጎዳ አንድ ዕቃ ይዘው ሱቄ ይመጣሉ። እኔም እየፈታሁ እመክራለሁ።

«አዴ ሌንሴ፣ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ከምቾቱም ትንሽ ወጣ ማለት አለበት። ለነፍስም ጥሩ ነው» እላለሁ።

«ልክ ነህ፣ አባ ሰናይት። ይቺ ሽቦ ግን ትቀጥላለች?»

የሰናይት አባት ስለሆንኩ አባ ሰናይት ነው የሚሉኝ። ሰናይት የመጀመሪያ ልጄ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችብን ጸጉሯን የሠሩላት፣ ወጥ መሥራት ያሳዩዋት፣ ሴት ለሴት ብቻ የሚነገረውንም የነገሯት አዴ ሌንሴ ናቸው። ስለዚህ ብመክራቸውም መቆጣት አልችልም ነበር።

የጉዞ ዋዜማ ቤታቸው የገባ ሰው የማይረሳ ነገር ያያል። ሳሎኑ መሃል ይቆሙና አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው እየጠቆሙ ለዕቃዎቹ ስም ይጠራሉ።

«ስቶቭ፣ አንተ ትመጣለህ። ጁስ መፍጫ፣ አንተም። ካውያ፣ ባለፈው አስቸግረኸኛል፤ ይሁን፣ ና። ቴሌቪዥን፣ አንተ ቤት ጠብቅ።»

ኦቦ ገለታ ከኋላ ከኋላ እየሄዱ የተጠራውን ያነሳሉ። በመላ ሕይወታቸው ካነሱት ቃል ያነሱት ዕቃ ይበልጣል ቢባል አልጠራጠርም።

አንድ ጊዜ አርጆ ወንድማቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ ቬንቲሌተሩን እንድጠግን አመጡልኝ። አርጆ ደጋ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ሰው ካፖርት ለብሶ ይቀመጣል።

«ማሎ፣ እባክዎ አዴ ሌንሴ! አርጆ ላይ ቬንቲሌተር ምን ያደርጋል?»

«ቢሞቅስ?»

«አርጆ መቼ ሞቆ ያውቃል?»

«ይኸውልህ፣ ይዤው በሄድኩ ቁጥር ሞቆ አያውቅም። ባልያዝኩ ቀን ነው የሚሞቀው» አሉኝ።

ቬንቲሌተሩን ጠግኜ ሰጠኋቸው። ለዚያች ንግግር መልስ እስከ ዛሬ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ራቅ ያለ ከተማ ተደረገና አብረን ሄድን። ማደሪያችን የትምህርት ቤት ክፍል ነበር። እኛ ዴስክ ገጥመን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ተኛን። እሳቸው በሴቶቹ ክፍል ጥግ ላይ ፍራሽ ዘርግተው፣ በሁለት ሚስማር መጋረጃቸውን ወጥረው፣ እንደ ንግሥት አደሩ። ጠዋት ስነሳ የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ሰልፍ አየሁ። ሽማግሌዎቹ፣ ሰባኪው፣ መዘምራኑ ሁሉ ኩባያ ይዘው ቆመዋል። በመስኮት የውሃ ማፍያው እንፋሎት ይታያል። ይህንማ ዝም ብዬ አላልፈውም ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

«አዴ ሌንሴ» አልኩ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጉባኤ የመጣነው ሥጋችንን ለማስለመድ ነው እንዴ? አንድ ቀን ያለ ሻይ ብንውል ምን ይቀርብናል?»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አባ ሰናይት፣ ስኳር ስንት ላድርግልህ?»

«ሁለት» አልኩ።

ሰባኪው ያን ዕለት ስለ ራስን መግዛት ነበር የሰበከው። ዓይኑን ወደ እኔ እንዳያዞር ስጸልይ ዋልኩ።

በቀልድ ብቻ ግን አላውቃቸውም። አንድ ከሰዓት ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ካውያቸውን ሲጠብቁ፣ እንደ ልማዴ ስለ ባዶ እጅ ጥቅም ጀመርኩ። አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ወደዚህ ሲመጣ ከለበሰው ሌላ ምንም እንዳልያዘ፣ ግን ቀና ብሎ እንደኖረ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አባትህ እኮ ወዶ አይደለም ባዶ እጁን የመጣው» አሉ። «ባዶ እጁን የሚሄድ የተሰደደ ሰው ነው። እኔ ሄጄ የምመለስ ሰው ነኝ። ዕቃዬን ስጭን እመለሳለሁ ማለቴ ነው። አባትህ ስቶቩን ጭኖ ቢመጣ ኖሮ ደስ አይልህም ነበር?»

አባቴ በዚያ መንገድ ላይ ስቶቭ ተሸክሞ ታየኝና ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ሳቄን ተውኩት። ካውያውን ሰጥቻቸው ስለ ባዶ እጅ ሌላ ምንም አልተናገርኩም፤ ቢያንስ ያን ቀን።

አሁን ቢላ ከተማ ወደሄድንበት ጉዞ ልምጣ።

ሰናይት አድጋ አስተማሪ ሆና ከአንድ የቢላ ልጅ ጋር ተዋደደች። ቶሌራ ይባላል። ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ቤቴ የገባ ቀን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ስለገባ ብዙ ጥያቄ አላበዛሁበትም። ሽማግሌ ላኩ፣ ተቀበልን። እናቱ አዴ ጉዲሴ ግን ወገባቸውን ስለሚያማቸው ነቀምቴ መምጣት አልቻሉም። ባል የሞተባቸው፣ ይህን አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። መልእክት ላኩብን፤ «ልጅቷን አይቻታለሁ፣ ወድጃታለሁ። ያሳደጓትን ሰዎች ግን ሳላይ ሰርግ የለም። መስቀልን ከእኔ ጋር ይዋሉ» የሚል።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ቶሌራ ያለ እናቱ ምርቃት አያገባም። እናቱ እሺ ወይም እምቢ የሚሉት በዚያ አንድ ቀን ነው። ሰናይት ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ አላት።

የእናቷን ቦታ ይዘው መሄድ ያለባቸው አዴ ሌንሴ ናቸው። እናም ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ዘመዶቻቸው ጠባያቸውን ያውቃሉ፤ ስቶቭ ይዘው ሲገቡ ይስቃሉ፣ ያልፋል። አማት ቤት ማብሰያ ይዞ መግባት ግን በእኛ አገር ስድብ ነው። እሳታችሁን አላምነውም፣ ድስታችሁ ያስጠላኛል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የፈረሰ ዝምድና አውቃለሁ።

«ለዚህች አንድ ቀን ብቻ፣ ስለ ሰናይት ብለው» አልኳቸው።

«ስለ ሰናይት ብዬ ባዶ እጄን እመጣለሁ» አሉ። «በቃ፣ ሂድ ተኛ።»

ተኛሁ። ጠዋት የተከራየሁት ሚኒባስ በራቸው ላይ ሲቆም ጣሪያው በሸራ ተሸፍኖ ጉብ ብሏል። ኦቦ ገለታ ገመድ እያጠበቁ ነው። ከሸራው ጫፍ የቬንቲሌተሩ አንገት ብቅ ብሎ ያየኛል።

«አዴ ሌንሴ! ባዶ እጄን አላሉኝም?»

ሁለቱንም መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ይኸው። ምን ያዝኩ?»

ላስወርደው ፈልጌ ነበር። ግን የመስቀል ሰሞን መንገድ ጭቃ ነው፣ ረፍዶብናል፣ ሾፌሩም ሞተር አስነስቷል። ሰናይት ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ገብታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቢላ እስክንደርስ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም። አዴ ሌንሴ ግን ትራሳቸው ላይ ተደግፈው ሙሉውን መንገድ ተኙ።

አዴ ጉዲሴ በራቸው ላይ በከዘራ ተደግፈው ጠበቁን። «ባገ ነጋን ዹፍተኒ!» እያሉ በደህና መምጣታችንን አመሰገኑ፣ ሁላችንንም ሳሙን፣ ሰናይትን ሁለቴ ሳሟት። ከጓዳው የተቀቀለ የአንጮቴ ሥርና የቅቤ ሽታ ይመጣል። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ያን ጊዜ ቶሌራ ሊያግዝ ብሎ ጣሪያው ላይ ወጣና ሸራውን ገለጠው።

መጀመሪያ የወረደው ስቶቩ ነው። ቀጥሎ ጁስ መፍጫው። ቀጥሎ ድስቶቹ። አዴ ጉዲሴ እያንዳንዱን ከላይ እስከ መሬት በዓይናቸው ሸኙት። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ከዚያ ለልጃቸው በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «መልሰህ ጫነው፤ ሸራውንም እሰረው» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ በደንብ እንዲገባኝ በአማርኛ ተናገሩ፦

«አባ ሰናይት፣ ቤቴ እሳት የሌለው መስሏችሁ ከሆነ ጭሱን ከመንገድ ታዩት ነበር እኮ።»

ሰናይት ክንዴን ያዘችኝ።

አዴ ሌንሴ በዝግታ ወደ ፊት ወጡና የአዴ ጉዲሴን እጅ ያዙ።

«ጉዲሴ፣ ማሎ ስሚኝ እህቴ። ሽማግሌ ስንቀበል በወገብሽ ምክንያት እኛ ቤት አልመጣሽም። እሳታችንን አልሞቅሽም፣ ድስታችንን አልቀመስሽም። ልጅ የሚሰጥ ሰው አማቱን ሳያበላ ይሰጣል? እኛ ነን ያፈርነው። አንቺ ወደ ቤታችን መምጣት ካልቻልሽ ብለን ቤታችንን ይዘንልሽ መጣን። ዛሬ ባለቤቷ እኔ ነኝ፣ እንግዳዋ አንቺ ነሽ። ታኢ፣ ቁጭ በይ!»

ኦቦ ገለታ ሚስታቸውን፣ አንድ ሰው ብዙ ዘመን የኖረበትን ቤት ሌላ በር እንዳለው ድንገት ሲያገኝ እንደሚያየው አዩአቸው።

አዴ ጉዲሴ ግን በቀላሉ የሚታለሉ ሴት አይደሉም። ከዘራቸውን አነሱና ወደ ቬንቲሌተሩ ጠቆሙ።

«ይሄስ?»

«ዝንብ እንዳያስቸግርሽ።»

«ካውያውስ?»

«ምሳ ላይ የቶሌራ ሸሚዝ የተጨማደደ ይሁን እንዴ?»

«ፍራሹስ? ትራሱስ?»

«ለወገብሽ ነዋ!»

ያ ትራስ ማንም የማይነካው ትራስ ነው። ሆስፒታል የተኙ ጊዜ እንኳ ነርሷን አላስነኩም። አሁን ግን ከመኪናው አውጥተው ራሳቸው አቀበሉ። አዴ ጉዲሴ ትራሱን በአንድ እጃቸው ይዘው ከዘራቸውን ወደ መጨረሻው ጥቅል አነሱ።

«እሺ፣ መጋረጃውስ?»

አዴ ሌንሴ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። በሕይወቴ መልስ ሲያጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መጋረጃውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን።

«እሱ የራሷ ነው» አሉ ኦቦ ገለታ ከመኪናው ጎን። «ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።»

አዴ ጉዲሴ ኦቦ ገለታን አዩ፤ ቀጥለው አዴ ሌንሴን። ከዚያ ሳቃቸው ከሆዳቸው መጣ፤ ወገባቸውን እየያዙ፣ «ዋቀዮ! ዋቀዮ!» እያሉ፣ ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከተባለው ሁሉ መሃል ያለ ጥርጥር እውነት የነበረችው ያቺ አንዷ ቃል ናት፤ በሩን የከፈተችልንም እሷ ነች። ይህን ለልጆቼ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ገባን። ችግሩ አለቀ ስንል ስቶቩ ተሰካ። የውሃ ማፍያው ተከተለ። ጁስ መፍጫው አንድ ጊዜ አጓርቶ የቤቱ መብራት ድርግም አለ። ቆጣሪውን አየሁት፤ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ሽቦውም ያን ሁሉ የሚሸከም አይደለም።

«በዚህ ላይ ስቶቭ አይሠራም» አልኩ።

አዴ ጉዲሴ ፍራሹ ላይ፣ ትራሱን ወገባቸው ሥር አድርገው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። «እንግዲህ ባለቤቷ ታውቃለች» አሉ። «እኔ እንግዳ ነኝ።»

አዴ ሌንሴ ወደ ጓዳ አዩ። ሦስት ጉልቻ፣ እርጥብ እንጨት፣ ጭስ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ምቾት ፈልገው በሄዱበት ሁሉ ስቶቭ ሲያስከትሉ የኖሩት ሴት ያን ቀን እሳት እፍ ሲሉ፣ ሲያስሉ፣ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ዋሉ። ሰናይት ሽንኩርት ትከትፋለች። አዴ ጉዲሴ ከፍራሹ ላይ ሆነው ይመራሉ።

«ሽንኩርቱ እያረረብሽ ነው፣ ባለቤቲቱ!»

«እንግዳ ዝም ብሎ ይጠብቃል!»

«ርቦኛል እኮ። ነቀምቴ እንግዳን እንዲህ ነው የሚያውሉት?»

ወጡ ትንሽ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ከአዴ ጉዲሴ አንጮቴ ጎን ቀረበ። አዴ ጉዲሴ ከሰናይት እጅ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ሁላችንንም በዓይናቸው ዞሩን። «በላሁ» አሉ። «ጥር ይሁን።» ሰርጉን ማለታቸው ነው። ቶሌራ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሰናይት ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ጭሱ ነው አለች፣ ተውናት።

ልንመለስ ስንል አዴ ጉዲሴ ለብቻ ጠሩኝ። «ያቺ ሴት ውሸታም ናት» አሉኝ በሹክሹክታ።

ምን ልበል? ልጆቼን ውሸት ምንጊዜም ውሸት ነው ብዬ ነው ያሳደግኋቸው። አንገቴን ደፋሁ።

«ላልወለደቻት ልጅ ብላ ግን ትራሷን ሰጠች፣ በእርጥብ እንጨት ተጨሰች» አሉ። «ልጄ እንዲህ ያለች ሴት ያሳደገቻትን ልጅ ቢያገባ ተኝቼ አድራለሁ።»

ትራሱ እሳቸው ዘንድ ቀረ።

ስንመለስ አዴ ሌንሴ ከፊት፣ እኔ ከጎናቸው ተቀመጥን። ነገሩ ግን ይከነክነኝ ነበር። አስቀድመው ካሰቡት ትልቅ ሴት ናቸው፤ በሩ ላይ ከፈጠሩት ደግሞ ልጄ የምትዳረው በውሸት ነው። ይህን ሳላውቅ መተኛት አልችልም፤ ጠባዬ ነው።

«አዴ ሌንሴ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ። ቤታችንን ይዘንልሽ መጣን ያሉት ነቀምቴ እያሉ ያሰቡት ነው ወይስ እዚያው በሩ ላይ?»

ልብሳቸው አሁንም ጭስ ጭስ ይላል።

«አንተ የትኛው እንዲሆን ትፈልጋለህ፣ አባ ሰናይት?»

«እኔ የምፈልገው እውነቱን ብቻ ነው።»

«እውነቱማ ኋላ ወንበር ላይ ነው። ዞረህ እየው።»

ዞርኩ። ሰናይት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ እንዳንሰማት አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ በዓይኖቿ ትስቃለች። ሳምንቱን ሙሉ አልበላ ያላት ልጅ በሌላ እጇ ከአዴ ጉዲሴ የተቋጠረላትን አንጮቴ ከነጠላዋ ሥር ትጎርሳለች። ሳያት አላየችኝም።

ወደ ፊት ተመለስኩና መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።